የእትዬ አበራሽ ጀርባ

ሮማ ውስጥ ኤስኲሊኖ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ የእትዬ አበራሽን ፊት ቢረሳ ጀርባቸውን አይረሳም። እንዴት ይርሳ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲነገረው! ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው በየት በኩል ቢነሳ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሳቸው ጀርባ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አንድ የህንድ ፊልም ነበር፤ አዲስ አበባ ሲታይ ሰው መሐረብ ይዞ የሚገባበት፣ ስሙን ግን በትክክል የሚጠራው ሰው ስለጠፋ "ባለ ነጭ ሳሪዋ" እየተባለ የቀረ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ፍቅረኛዋ ጥሏት ሲሄድ አንድ የሮማ ቪላ ግቢ ውስጥ ካለ ፎንታና፣ ውሃ ከሚፈናጠርበት ገንዳ፣ ከነልብሷ ትገባለች። ውሃው ወገቧ ድረስ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ትዘፍናለች፤ ፊቷ አይታይም። ያን ጊዜ እትዬ አበራሽ የሃያ ዓመት ኮረዳ ሆነው እዚያው ቪላ በሠራተኝነት ተቀጥረው ነበር። አክትረሷ በጥር ብርድ ውሃ ውስጥ አልቆምም ብላ ስታስቸግር ዳይሬክተሩ ግቢውን በዓይኑ ዞረና እሳቸውን አገኘ። ሳሪ አልብሶ አስገባቸው።

"አስራ አንድ ጊዜ!" ይላሉ እትዬ አበራሽ ጣታቸውን ቀስረው። "አስራ አንድ ጊዜ ገብቼ ወጣሁ። በወጣሁ ቁጥር 'ቤሊሲማ! አንኮራ!' ይለኛል። ቆንጆ! እንደገና! ሊጠግበኝ አልቻለም እኮ!"

ከዚያ በኋላ አክትረሷ ራሷ ለፎቶግራፍ ያህል አንዴ ልግባ አለች፤ እሳቸውም እርጥብ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ኩሽና ገብተው ውሃ አሞቁላት። በነጋታው ሳንባቸው ታመመ። አርባ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ የቪላው ባለቤት ሲኞራዋ ሌላ ሠራተኛ ቀጥራ ጠበቀቻቸው። እስከ ዛሬ ጥር በገባ ቁጥር ያስላቸዋል። "ሳንባዬን ሰጥቼ ጀርባዬን አተረፍኩ" ይላሉ፤ ይህንንም ሲሉ የሚያዝን ፊት ካዩ ይቆጣሉ። የሚፈልጉት ቅናት ነው።

እየሩሳሌም ይህን ታሪክ በአሥር ወር ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች። ሌላ ምን ምርጫ ነበራት? የነበረችበት የስደተኞች መጠለያ ሲዘጋ፣ ሻንጣዋን ይዛ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጠችበት ያነሷት እትዬ አበራሽ ናቸው። ያነሷትም ለጽድቅ ብለው አይደለም። ሳሎን ሶፋው ላይ ትተኛለች፤ በዚያ ምትክ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ እግራቸውን ታሻለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ ያንኑ ፊልም ታያለች። ፎንታናው ሲደርስ እትዬ አበራሽ ፊልሙን ቀጥ ያደርጉታል።

"እያት እስቲ ወገቧን። ጀርባ ማለት ይሄ ነው። የናንተ ዘመን ልጅማ ከፊትም ከኋላም ያው ነው።"

እሷም "እውነትዎን ነው" ትላለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው የውሃው ነገር ነው። እየሩሳሌም ከሊቢያ ስትሻገር የነበረችበት ጀልባ ተገልብጦ ሁለት ሰዓት ባሕር ላይ ቆይታለች። ግማሹን ሰዓት የጓደኛዋን የሃበንን እጅ ይዛ ነበር፤ ግማሹን ብቻዋን። ከዚያ ወዲህ ገንዳ ውስጥ አትገባም፤ በባልዲ ቀድታ፣ ቆማ፣ በርጩማ እንደሚያጥብ ሰው እየቸኮለች ነው ገላዋን የምትታጠበው። አንድ ቀን እትዬ አበራሽ ምክንያቱን ሲጠይቋት እንደ እናት አይታቸው ነገረቻቸው። ያ ሞኝነቷ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "እኔ በጥር ፎንታና ገብቼ የዘፈንኩ ሰው፣ ይቺ ለብ ያለ ውሃ ትፈራለች!" እያሉ ያስቁባታል።

ግን ወረቀቱ ነበረ። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያበቃ ነው፤ ለማሳደሻው ቀጠሮ የተሰጣት በጥር ወር የመጨረሻው ሰኞ ነው፤ ለዚያ ደግሞ "ይህች ሴት እኔ ቤት ትኖራለች" የሚል የቤቱ ባለቤት ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋል። ኦስፒታሊታ ይሉታል። ያለዚያች ፊርማ ፔርሜሶ የለም፤ ያለ ፔርሜሶ ሥራም የለም፣ ሐኪምም የለም፣ ዳግመኛ አግዳሚው ወንበር ነው። ወረቀቱን ሞልታ ከጥቅምት ጀምሮ ስታስታውሳቸው "አሎራ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ እናየዋለን" ይሏታል። ማየቱንም አላዩትም።

በኅዳር ህንዶቹ መጡ። ባለ ነጭ ሳሪዋ ሃምሳ ዓመት ሞላት ተብሎ፣ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚናገር ሌላ ፊልም ሊሠሩ ነው። አንዷ ከሙምባይ የመጣች ወጣት ፊልም ሠሪ ናት። አብሯት ያለው ያን ጊዜ የካሜራ ረዳት የነበረ፣ አሁን ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሚስተር ኩልካርኒ የሚባል ሽማግሌ ነው። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ለእትዬ አበራሽ ቅመም የሚሸጥላቸው ህንዳዊ ነው ወሬያቸውን ለፊልም ሠሪዎቹ የነገራቸው። ሁለቱም ጣልያንኛ አይችሉም፤ እትዬ አበራሽ እንግሊዝኛ አይችሉም። እየሩሳሌም ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተምራለች።

"ይሄን ካሳመርሽልኝ" አሏት እትዬ አበራሽ ጠዋት ፀጉራቸውን እያስተኮሱ፣ "ያቺን ወረቀትሽን እፈርማለሁ።"

ሳሎኑ ውስጥ መብራት ተተከለ። እትዬ አበራሽ አስራ አንዱንም አንድ በአንድ ተረኩ፤ እየሩሳሌም ተረጎመች። ሽማግሌው መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፣ ቀጥሎ ፊቱ በራ፣ ከዚያ ጉልበቱን መታ።

"ሠራተኛዋ! አንቺ ነሽ እንዴ ሠራተኛዋ!" አለና ወደ እየሩሳሌም ዞሮ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። "ያን ጊዜ እኛ አገር ጥሬ ፊልም በመንግሥት ፈቃድ ነበር የሚገኘው። እንደ መድኃኒት በጠብታ ነበር የሚሰጠን። ስለዚህ መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ ካሜራውን ባዶውን እናዞረዋለን። አክትረስ ለዚያ አትደክምም፤ ሌላ ሰው ይቆምላታል። ይሄ የሥራው ወግ ነው፣ ነውር የለውም። ሠራተኛዋ ግን አላወቀችም። ዳይሬክተሩ ከሬስቶራንት የለቀማቸው ሁለት የጣልያንኛ ቃላት ነበሩት። እነሱን በጮኸ ቁጥር ልጅቷ ፀጉሯን አስተካክላ ተመልሳ ትገባለች። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ለካሜራው ትስቃለች! ለባዶ ካሜራ! እኛ አፋችንን በጨርቅ አፍነን በሳቅ እንንፈራፈራለን። ስድስተኛው ላይ መብራቱ ተስተካክሎ ነበር። የቀረው አምስቱ ለጨዋታ ነው። ከዚያ አክትረሷ መጣች፣ እግሯ ላይ የሞቀ ውሃ ተደፋላት፣ አንዴ ገባች፣ ፊልም አጉርሰን አነሳናት፣ አለቀ።"

"ምን አለ?" አሉ እትዬ አበራሽ።

እውነቱ ይነገር፤ እየሩሳሌም በመጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። አሥር ወር ሙሉ ጭኗ ላይ ሲጎለት የኖረ ጀርባ ባዶ መሆኑን ስትሰማ ሳቋን በግድ ዋጠች። ውሃውን ያሞቁት ራሳቸው ናቸው! ነገሩ ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እጃቸው ላይ ነበር፤ ማየት አልፈለጉም እንጂ። አፏን ከፈተች። እንዲህ ልትላቸው ነበር፦ ባዶ ነበር፣ ስቀውብዎታል፣ ጀርባው የሌላ ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያለው ወረቀት ታያት።

"እርስዎ ነዎት ይላል" አለች። "እንደ እርስዎ ያለ ጀርባ በሕይወቴ አላየሁም ይላል። ዳይሬክተሩ አልቅሷል ይላል።"

ማልቀሱን ከራሷ ነው የጨመረችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ሲጀመር ግን ብዙ ነው፣ ሰው አፍሶ ነው የሚሰጠው።

የእትዬ አበራሽ ዓይን እንባ አቀረረ። "ስሜን ይጽፉታል ወይ? ጠይቂልኝ።"

ጠየቀችው። ሽማግሌው "ስሟ ማን ነበር? እኛ 'ኩሽና' ነበር የምንላት" አለና ሳቀ።

"በወርቅ ቀለም እንጽፈዋለን ይላል።"

ህንዶቹ ሲወጡ እየሩሳሌም ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀረበች። እትዬ አበራሽ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። "ፊልሙ ይታይና" አሉ። "ስሜን በዓይኔ ልየው፤ ያን ዕለት እፈርማለሁ።"

ፊልሙ የሚታየው ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለ አንድ የባህል ማኅበር አዳራሽ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀጠሮዋ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ። እትዬ አበራሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ሰው ሁሉ እንዲመጣ ለፈፉ። እየሩሳሌም የማኅበሩን ማስታወቂያ ስታነብ ፊልሙ ከሥሩ በጣልያንኛ ጽሑፍ እንደታጀበ አየችና ደነገጠች። አድራ ግን ተረጋጋች። እትዬ አበራሽ ጣልያንኛውን እንደ ወፍ ይናገሩታል እንጂ አንዲት ፊደል አያነቡም። አጠገባቸው ተቀምጣ እንደገና ትተረጉምላቸዋለች። የእሷን አማርኛ ደግሞ ቆርጠው ይጥሉታል፤ ማን አማርኛ አስተርጓሚ ፈልጎ ይደክማል? ይህንን ያሰበችው የጥገኝነት ጥያቄዋን የመረመረው ኮሚሲዮኔ ፊት ስትቀርብ በአማርኛ አስተርጓሚ የተጠየቀች፣ ሮማ ውስጥ በየቢሮው የአማርኛ አስተርጓሚ ሞልቶ እንደሚፈስ የምታውቅ ልጅ ናት። ፍርሃት ያደነቁራል።

የረሳችው ሌላም ነገር ነበር።

አዳራሹ ሞላ። እትዬ አበራሽ ነጭ ሐር ሻርፕ ደርበው የፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ተሰየሙ። ከኋላቸው፣ ከእሳቸው ጋር ሃምሳ ዓመት ሲፎካከሩ የኖሩት ወይዘሮ ወርቅነሽ ከሴት ልጃቸው ከሕሊና ጋር ተቀመጡ። ሮማ ያለ ሐበሻ ሽማግሌ ሲኒማ ብቻውን አይገባም፤ እዚህ ተወልዶ የተማረ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ይዞ ይገባል። ልጁ ከሥር የሚጻፈውን እያነበበ ጆሮው ላይ በአማርኛ ያንሾካሹክለታል። በሕክምናውም፣ በባንኩም፣ በኮሙኔውም፣ በማዘጋጃ ቤቱ፣ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሐበሻ የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ፊልም ሲጀመር ከወንበሩ ሁሉ እንደ ጸሎት ያለ ሹክሹክታ ይነሳል። እትዬ አበራሽ ልጅ የላቸውም። እየሩሳሌም ነበረቻቸው።

ሚስተር ኩልካርኒ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እትዬ አበራሽ ክንዷን ቆነጠጡ። "ይኸው መጣ! ምን ይላል?"

"እያመሰገነዎት ነው።"

መጀመሪያ የሳቁት ወጣቶቹ ናቸው። አንብበው ሳቁ። እትዬ አበራሽ ሳቁን ሲሰሙ ዘወር ብለው እጃቸውን አውለበለቡላቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የራሳቸው ድምፅ ተሰማ፦ "ምን አለ?" ቀጥሎም የእየሩሳሌም፣ ጥርት ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይቆረጥ፦ "እርስዎ ነዎት ይላል። እንደ እርስዎ ያለ ጀርባ በሕይወቴ አላየሁም ይላል።"

ቆርጠው አልጣሉትም። ይልቁንስ ፊልም ሠሪዋ ያገኘችው ትልቁ ዕንቁ እሱ ነበር፤ ሽማግሌው የሚለውና ልጅቷ የምትለው ጎን ለጎን ተሰድሯል፤ ከሥሩ ሁለቱም ተተርጉመዋል። አዳራሹ አሁን የሳቀው ሙሉ በሙሉ ነው። ሹክሹክታውም ከየአቅጣጫው መጣ፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው ሲጀምር፣ ሁሉም ያንኑ፤ በጣም የቀረበው ደግሞ ከኋላ፣ ሕሊና ለእናቷ የምታነበው፦

"ካሜራው ባዶ ነበር ይላል፣ እማዬ። ፊልም አልነበረበትም። ለመብራት ነው ያስገቧቸው። ስድስተኛው ላይ አልቆ ነበር፣ የቀረው አምስቱ ለጨዋታ ነው ይላል። ስማቸውንም አናውቅም ይላል። ኩሽና ነበር የምንላት ይላል።"

"በወርቅ ቀለም እንጽፈዋለን ይላል" አለች ስክሪኑ ላይ ያለችው እየሩሳሌም።

እትዬ አበራሽ ዘወር አላሉም። የእየሩሳሌምን ክንድ የያዙበትን እጅ ቀስ ብለው አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ ስሞቹ ሁሉ ወርደው እስኪያልቁ ድረስ፣ የሾፌሮቹም የምግብ አብሳዮቹም ጭምር። የእሳቸው አልነበረም። ሲወጡ ወይዘሮ ወርቅነሽ አቅፈው ሳሟቸውና፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ "አይዞሽ አበራሽዬ፣ ለመብራትም ቢሆን እኮ ሰው ያስፈልጋል" አሏቸው። ሃምሳ ዓመት የጠበቁትን ዕዳ በአንድ አረፍተ ነገር ከፈሉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ እትዬ አበራሽ ከፊት ከፊት ሄዱ። እየሩሳሌም ይቅርታ ልትጠይቅ ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። እውነቱን ብትነግራቸው ኖሮ ሳሎናቸው ውስጥ ለብቻቸው ይሰሙት ነበር። እሷ ናት በሕዝብ ፊት ያሰማቻቸው። ያን ማሰብ አሳፈራት፤ ግን ከሐፍረቱ ሥር ሰኞ ነበር የሚያሰጋት፣ እሱም ራሱ አሳፈራት።

እሑድ ጠዋት የነቃችው በውሃ ድምፅ ነው። እትዬ አበራሽ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ ቀርተዋል። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የጥር ብርድ ይገባል። ገንዳው እስከ አፉ ሊሞላ ነው። ልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ወረቀቱ፣ መታወቂያቸውና እስክሪብቶ በሥርዓት ተደርድረዋል። አጠገባቸው አሮጌ ነጭ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል።

"ልበሺው" አሉ እትዬ አበራሽ። በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ካፖርታቸውን ደርበዋል። "ልበሺውና ግቢ።"

"እትዬ አበራሽ፣ ስለ እመቤታችን..."

"እመቤታችንን ተያት። አስራ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ እፈርማለሁ።"

"ያውቃሉ እኮ። እኔ ውሃ..."

"አውቃለሁ" አሉ። "አንቺም ታውቂ ነበር።"

እየሩሳሌም ወረቀቱን አየች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷ ግን ገና አልያዘችውም። ነጠላውን ለበሰች። አንድ እግሯን ስታስገባ ቅዝቃዜው እስከ ጥርሷ ዘለቀ፤ ውሃው ሆዷ ላይ ሲደርስ የሃበን እጅ እጇ ውስጥ ነበር፣ የሚያዳልጥ፣ ጣት በጣት የሚሄድ። ጮኸች፤ ዘላ ወጣች።

"ቤሊሲማ!" አሉ እትዬ አበራሽ። "አንኮራ!"

ገባች። ወጣች። ሦስተኛው ላይ አስመለሳት። አራተኛው ላይ ማልቀሷን ተወች፤ ትንፋሽ አልነበራትም። ከዚያ አንዱ ከሌላው አልተለየም፤ የገንዳው ነጭ ጠርዝ፣ የተከፈተው መስኮት፣ ያቺ ሁለት ቃል። ስድስተኛው ላይ ስትወጣ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

"ይበቃል ይበሉኝ" አለች። ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏት ቃሉ ተቆራረጠ። "ስድስት ሆኗል። ይበቃል።"

"መብራቱ ስድስተኛው ላይ ተስተካክሏል" አሉ እትዬ አበራሽ። "የቀረው አምስቱ ለጨዋታ ነው። አንኮራ።"

ስምንተኛው ላይ ቀና ስትል አየቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ትከሻቸው በሳል እየተናጠ ጣታቸውን አጥፈው ይቆጥራሉ።

"እያዩኝ አይደለም እኮ!" አለች።

"እኔንም ያየኝ አልነበረም" አሉ ሳይዞሩ። "አንኮራ።"

አስራ አንዱ ሲያልቅ እትዬ አበራሽ ተነሱ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ፎጣ ወረወሩላት። ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብለው መጻፍ በሚችሏት በአንዲቷ ነገር፣ በስማቸው፣ ቀስ ብለው ፈረሙ። አበራሽ። ፊደሎቹ ትልልቅና ንጹሕ ነበሩ። ወረቀቱን ሰጧት።

እየሩሳሌም እንዳይረጥብባት በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ከገላዋ አርቃ፣ ክንዷን ዘርግታ ቆመች። ከነጠላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ለስንት ጊዜ ነው የሚሰጡሽ?" አሉ እትዬ አበራሽ በሩ ላይ ቆመው።

"ምኑን?"

"ፔርሜሶውን።"

"ለአንድ ዓመት" አለች እየሩሳሌም።

እትዬ አበራሽ ካፖርታቸውን ቆለፉ።

"ቫ ቤኔ፣ ጥሩ" አሉ። "የዛሬ ዓመትም ጥር ይመጣል።"